ሦስተኛዋ ደዋይ

«ቀን ቀን ይገባልኛል። ማታ ሲሆን ግን እምቢ ይለኛል።»

ይህን ቅሬታ ከአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት «ተሳስተው ይሆናል» ብዬ ነው። ከቤት በሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር በሚያነጋግር መሣሪያ) ተደውሎ ወደ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ በሚገባበት በዚያ ጊዜ ሰው የሚማረረው በተገላቢጦሽ ነበር። ቀን መስመሩ ሁሉ ይያዛል፣ ማታ ይለቀቃል። ማታ አልገባ አለኝ የሚል ሰው ካለ ችግሩ ቤቱ ነው፣ ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ሞደሙ ነው። እንደዚያ ነበር የምናምነው። እኔም አመንኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ አመንኩ።

ዓመታት አልፈዋል፣ አሁንም ሳስታውሰው ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ሥራዬ በስልክ የሚገቡ ሰዎችን የሚቀበል አንድ ሰርቨር መጠበቅ ነበር። አሥራ ስድስት ሞደሞች መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ከኋላው አንድ የስልክ መስመር፣ አንድ የመብራት ገመድና ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ ወፍራም የሲሪያል ኬብል አለው። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ትንንሽ ቀይ መብራቶች። ደዋዮቹ የሚያውቁት ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር ሲደወል የስልክ ማዞሪያው መጀመሪያ አንደኛውን መስመር ያያል። ከተያዘ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። እሱም ከተያዘ ወደ ሦስተኛው። እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ስድስተኛው። ሃንት ግሩፕ ይሉታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሴትየዋን ምን አደረግናቸው? መጀመሪያ የስልክ ገመዳቸውን ቀይሩ አልናቸው። ቀየሩ። በዚያው መስመር ላይ ሌላ ስልክ ከተሰካ ንቀሉት አልን። ነቀሉ። ሶፍትዌሩን አጥፍተው እንደገና እንዲጭኑ አደረግን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «ሞደሙ አርጅቷል» አለና አዲስ ገዙ፣ በራሳቸው ገንዘብ። እኛ ደግሞ በየጊዜው ጠዋት ቢሮ እንደገባን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ወደ ሰርቨሩ ደውለን እንሞክራለን። አንዴ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ይንጫጫል፣ ይገባል። «ከእኛ በኩል ይሠራል» ብለን እንመልሳለን። እሳቸውም «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ይዘጋሉ።

ማታ ግን አይገባም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ሥራው ራሱ ላውራ። «አልገባ አለኝ» የሚለው ቃል ምንም አይነግርም። ሞደም ደውሎ ኔትወርክ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብዙ በር ያልፋል፣ እያንዳንዱ በር ላይ ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። የትኛው በር ላይ እንደወደቀ ካወቃችሁ ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል። ካላወቃችሁ ሰው አዲስ ሞደም እንዲገዛ ታደርጋላችሁ።

የመጀመሪያው በር መስመሩን ማግኘት ነው። ሞደሙ ስልኩን አንስቶ የመደወያውን ድምፅ ይጠብቃል፤ ካልሰማ «ኖ ዳያልቶን» ይላል። ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ስህተት 680 ሆኖ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የወለቀ ገመድ ነው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። የቢሮ ስልክ ያልተሰማ የድምፅ መልእክት ሲኖረው የመደወያው ድምፅ የሚቆራረጥበት አለ፤ ሰው ሲሰማው ይገባዋል፣ ሞደሙ ግን አያውቀውም። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ኤክስ 3 የሚባለውን ትእዛዝ አስገባለሁ። «የመደወያ ድምፅ አትጠብቅ፣ ዝም ብለህ ደውል» እንደማለት ነው። ወደ ውጭ ለመደወል 9 መንካት የሚያስፈልግበት ቢሮ ከሆነ ደግሞ ከ9 ቀጥሎ አንድ ኮማ ማስገባት በቂ ነው። ኮማ ለሞደም ሁለት ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው። በዚህች አንዲት ኮማ የተፈታ ችግር ብዛቱን አልቆጠርኩትም።

ቀጥሎ መጥራትና መነሳት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ልቤን የሚወስደው። ያ ጩኸት።

ሰው ጩኸት ነው የሚለው። እኔ ግን ወሬ ነው የምለው፣ ምክንያቱም በእርግጥ ወሬ ነው። የተደወለለት ሞደም ሲያነሳ መጀመሪያ 2100 ሄርዝ የሆነ አንድ ረጅም ድምፅ ያሰማል። በደንብ ከሰማችሁት በየ450 ሚሊሰከንዱ ጠቅ የምትል ነገር አለችበት። ድምፁ እዚያ ላይ ተገልብጦ ነው። ለምን? በረጅም ርቀት መስመር ላይ የገደል ማሚቶ የሚያጠፉ መሣሪያዎች አሉ። ለሰው ንግግር ጥሩ ናቸው፣ ለሞደም ግን ጠላት ናቸው፤ ሁለቱ ሞደሞች እኩል ስለሚያወሩ አንዱን እንደ ማሚቶ ቆጥረው ያፍኑታል። ያቺ መገልበጥ ለነዚያ መሣሪያዎች «ገለል በሉ፣ የሚያወራው ሰው አይደለም» የምትል ምልክት ናት። ሳውቃት በጣም ነው የደነቀችኝ። በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር መስመር ላይ የተቀመጠ ማሽን አንዲት ጠቅታ ሰምቶ ገለል ይላል።

ከዚያ ሁለቱ ሞደሞች በሰከንድ 300 ቢት ፍጥነት፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ምን ምን ቋንቋ እንደሚችሉ ይነጋገራሉ። ሁለቱም ቪ.34 የሚባለውን የሞደም ቋንቋ የሚችሉ ከሆነ መስመሩን ይመረምራሉ፤ ከ150 እስከ 3750 ሄርዝ ድረስ በ150 ሄርዝ ልዩነት የተደረደሩ ድምፆች በአንድ ላይ ይለቀቃሉ። ወዲያኛው ሞደም የትኛው ድምፅ ደህና እንደደረሰ፣ የትኛው እንደደከመ ያያል። በዚህ ነው ፍጥነቱ የሚመረጠው። ከዚያ ያ የምታውቁት ሹሹሹታ ይመጣል፣ ከዚያ ስፒከሩ ዝም ይላል።

ይህን ሁሉ በጆሮ መስማት ይቻላል። ጠርቶ ካልተነሳ፣ ከወዲያ ያለው ሞደም ነው። ተነስቶ ረጅሙ ድምፅ ተሰምቶ ከዚያ ፀጥ ካለ፣ ቋንቋ አልተግባቡም። ሹሹሹታው ሦስት አራት ጊዜ እየተደጋገመ በመጨረሻ ከተዘጋ፣ መስመሩ ቆሽሿል። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ስፒከሩ ዝም ካለ በኋላ ከወደቀ፣ ሞደሞቹን ተዉአቸው፣ ችግሩ ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው።

ስክሪኑ ግን ይህን አይለይም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ፣ 678። «የሚደውሉለት ኮምፒውተር አይመልስም» ዓይነት መልእክት ነው። ሦስት የማይገናኙ በሽታዎች አንድ ስም ተሰጥቷቸዋል። ብዙዎቻችን 678 ስንሰማ ወዲያው «መስመሩ ቆሻሻ ነው» ወደሚለው እንሮጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ልክ ስለሆንን ሌላ መጠየቅ ተውን።

ወደ ፍጥነት ልሂድ፣ እዚህ ላይ ከሰው ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። ሞደሙ «ኮኔክት 115200» ብሎ ሲጽፍ ደስ የሚለው ሰው ብዙ ነበር። ያ ቁጥር በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ፍጥነት ነው፣ የኬብሉ። የስልክ መስመሩ ላይ ያለው በሰከንድ 26400 ቢት ሊሆን ይችላል። ቪ.34 እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ጣሪያው 28800 ነበር፣ በኋላ 33600 ደረሰ። ከዚያ በ1998 ቪ.90 መጣና ሰው ሁሉ 56 ሺህ የሚል ሞደም ገዛ። ግን 56 የሚሠራው በሰርቨሩ በኩል ያለው መስመር ዲጂታል ሲሆን ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ድምፁ ከዲጂታል ወደ አናሎግ መለወጥ ያለበት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ደዋዩ ጋ ሲደርስ። የእኛ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሞደሞች ሁሉ ተራ፣ አናሎግ የስልክ መስመር ላይ ነበሩ። ስለዚህ ደዋዩ ምንም ቢገዛ ከ33600 አያልፍም። ለሰዎች ይህን ማስረዳት ከባድ ነበር፣ በተለይ ገንዘቡን ካወጡ በኋላ።

በዚህ ላይ የጠነከረ አቋም አለኝ። መስመሩ ደካማ ከሆነ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት። በ31200 ገብቶ በየአምስት ደቂቃው ከሚወድቅ በ24000 ገብቶ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ይሻላል። ሞደሞች ሲጀምሩ ተስፈኞች ናቸው፣ መስመሩ በዚያች ቅጽበት ደህና ከሆነ ከፍ ያለውን ይመርጣሉ። ትንሽ ኮሽታ ስትመጣ እንደገና ለመግባባት ይሞክራሉ፣ እሱም ሰከንዶች ይፈጃል፣ ሰውየው የሚያየው የቆመ ስክሪን ነው። ጣሪያውን በትእዛዝ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ያደረግንላቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ደውለው አያውቁም።

ገብቶ የማይሠራም አለ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ተቀበለ፣ ትንንሽ ጽሑፍ ይመጣል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ይበላሻል ወይም ይቆማል። ይህን ስሰማ መስመሩን አልነካም። ኮምፒውተሩና ሞደሙ «ቆይ፣ ሞልቶብኛል» የሚባባሉበት መንገድ አለ፣ ፍሎው ኮንትሮል። አንዱ በሁለት ልዩ ሽቦዎች፣ ሌላው በጽሑፉ መካከል በሚላክ ምልክት ከተዋቀረ አይደማመጡም። ወይም ደግሞ በሲሪያል ኬብሉ የሚመጣውን የሚቀበለው የኮምፒውተሩ ቺፕ አሮጌ ነው። በ115200 አንድ ባይት በየ87 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይመጣል፤ ድሮ የነበረው 8250 ቺፕ አንዲት ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ኮምፒውተሩ ካልደረሰላት ቀጣይዋ ትደፈጥጣታለች። 16550ኤ አሥራ ስድስት ይይዛል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ከዚያ በላይ ያሉትን በሮች ቶሎ ልለፋቸው። 691 ከመጣ ስም ወይም የይለፍ ቃል ነው፣ ካፕስ ሎክ ደግሞ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። 718 እና 721 ከመጡ ሞደሞቹ ተግባብተዋል፣ ፒፒፒ ላይ ነው የተቋረጡት፣ ማለትም ሁለቱ ኮምፒውተሮች በስልኩ መስመር ላይ ኔትወርክ የሚያወሩበት ቋንቋ ላይ። አንዱ ወገን ፒፒፒ እያወራ ሌላው «ሎጊን» ብሎ በጽሑፍ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ለማየት ቀላል ነው። የሚመጣውን ሁሉ እንዳለ በጽሑፍ በሚያሳይ ተርሚናል ፕሮግራም ደውላችሁ ግቡና የሚመጣውን እዩ። በ~ ምልክት የተሞላ ዝብርቅርቅ ከመጣ ሰርቨሩ ፒፒፒ ጀምሯል። ጥርት ያለ ጽሑፍ ከመጣ ስም እየጠበቀ ነው። ይህን ሙከራ የማያደርግ ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል፣ ምክንያቱም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያው ተነስቶ ሠላሳ ደዋይ በአንድ ገመድ የሚቀበል ኢ1 የሚባል ዲጂታል መስመር ገባ። ሰው ሁሉ በጥሩ ፍጥነት ይገባል። ግን ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። በዚያው መስመር በስልክ ስናወራ ምንም የለም፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጥፋቱ የሰዓት ምት ነበር። መሣሪያችን የራሱን ምት ይከተላል፣ የስልክ ማዞሪያው ደግሞ የራሱን። ሁለቱ ምቶች በጥቂት በተለያዩ ቁጥር በየተወሰነ ጊዜ አንዲት 125 ማይክሮሰከንድ የምታክል ቁራጭ ትጠፋለች ወይም ትደገማለች። የሰው ጆሮ አይሰማትም። ሞደም ግን መሬት ከእግሩ ሥር እንደተንሸራተተበት ነው። ቅንብሩ ውስጥ «ምቱን ከመስመሩ ውሰድ» የሚለውን መረጥን፣ አበቃ።

ይህ ሁሉ አሮጌ ታሪክ ይመስላል። አይደለም። ዛሬም ራቅ ባለ ቦታ ያለ ራውተር ኔትወርኩ ሲወድቅበት በጓሮ በር እንዲገባበት ሞደም የሚሰካበት ቦታ አለ። በቅርቡ እንደዚህ ያለ አንድ ሞደም አልነሳ ብሎ ተጠራሁ። ደወልኩና ሰማሁት። ይነሳል፣ ረጅሙ ድምፅ ይመጣል፣ ግን ድምፁ ከውሃ ውስጥ እንደሚመጣ ይንቀጠቀጣል። «ስልኩን በኢንተርኔት አደረጋችሁት እንዴ?» አልኩ። አድርገውት ነበር። የንግግር ድምፅን ወደ 8 ኪሎቢት የሚያጠብ ጂ.729 የሚባል ኮዴክ ነበረበት። ያ ኮዴክ የሰውን ድምፅ ነው የሚያውቀው፤ የሞደምን ድምፅ ሲያገኝ የሰው ሊያስመስለው ይሞክራል። ለዚያ መስመር ብቻ 64 ኪሎቢት ወደሚወስደው ጂ.711 ቀየርነው፣ ዝምታን የሚያፍነውን ነገር አጠፋን፣ የሞደሙን ፍጥነት ወደ 9600 አወረድን። ራውተሩን ለማዘዝ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ሴትየዋ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ቢሮ አምሽቼ ነበር። ደወሉ። ድምፃቸው የደከመ ነው። የወሩ ሒሳብ መዝጊያ ደርሶባቸዋል። እንደተለመደው «ምን ይላል?» አልኳቸው፣ «678» አሉኝ፣ እኔም እንደተለመደው ስለ መስመር ጥራት ላወራ ስል አንድ ነገር አቆመኝ። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አልቋል፣ የቀረኝ መጠየቅ ብቻ ነበር።

«ሲደውል ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። ልጆች ይተኛሉ፣ እናንተም አጥፉት ብላችሁኛል።»

ልክ ናቸው። ድምፁ ለሚረብሸው ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚጠፋ የምናስተምረው እኛው ነበርን። ኤም 0 ማለት ነው ትእዛዙ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድም ቀን፣ አንዳችንም፣ ምን ትሰማለህ ወይም ምን ይሰማዎታል ብለን አልጠየቅንም።

«እስቲ ለአንዴ ይክፈቱትና ይደውሉ። በኋላ በሞባይሌ ይንገሩኝ።»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ይጠራል» አሉኝ። «ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይጠራል። ማንም አያነሳውም። ከዚያ ይዘጋል።»

ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ጩኸት የለም። ማንጫጫት የለም። መስመሩ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መነሳት ነበረበት። የእሳቸው ገመድ፣ የእሳቸው ሶፍትዌር፣ ያ በራሳቸው ገንዘብ የገዙት ሞደም፣ አንዳቸውም ምንም አላጠፉም። ስልኩ ሄዶ እኛ ክፍል ውስጥ ይጠራል፣ ከእኛ አንዱ አያነሳም።

ሎጉን፣ ሰርቨሩ ጥሪዎችን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሎግ የማየው በስም ነበር፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ። በዚያ ማታ በመስመር ደረደርኩት። አንደኛው መስመር በመቶ የሚቆጠር ጥሪ አለው። ሁለተኛውም። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስተኛው የለም። ስህተት ቢኖረው እኮ ሎጉ ይጽፈው ነበር። እሱ ግን ምንም አልጻፈም፣ ስለዚህ ማንም አላየውም።

ወዲያው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ማታ ማታ ሁለት ቋሚ ደዋዮች ነበሩን። አንዱ ከሌላ ቢሮ በራሱ ጊዜ ደውሎ ፋይል ሲያስተላልፍ የሚያድር ማሽን ነው፣ ሌላው ማታ የሚሠራ ባልደረባችን። አንደኛውንና ሁለተኛውን መስመር ይይዛሉ። ቀጥሎ የሚደውል ሰው ሦስተኛው ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ይጠራል እንጂ አያነሳም። ማዞሪያው ደግሞ «ተይዟል» ካልተባለ ወደ አራተኛው አይሻገርም፣ የሚጠራ መስመር ለእሱ ጤነኛ መስመር ነው። ደግመው ሲደውሉ ያው ሦስተኛው ነው። አሥር ጊዜ ቢደውሉ አሥር ጊዜ።

ቀንስ ለምን ይገባላቸዋል? ቀን ሰው ብዙ ነው። አንዱ ያልታደለ ሦስተኛው ላይ አርፎ ሲጠራለት መስመሩ በእሱ ይያዛል፣ ከኋላው የመጣው ሁሉ ወደ አራተኛው እያለፈ ደህና ይገባል። ያ ያልታደለው ዘግቶ ሲደግም ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ቦታውን ወስዶለታል፣ እሱም ይገባል። «አንዳንዴ ሁለቴ መደወል ያስፈልጋል» የሚል ወሬ በሠራተኞች መካከል ነበር። ሰምተነዋል። ያለ ነገር ነው ብለን አልፈነዋል። እኛ ጠዋት ስንሞክር ደግሞ ማንም ስለሌለ አንደኛው ያነሳናል።

ተነስቼ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። ሦስተኛውን ሞደም ጠጋ ብዬ አየሁት። የኃይል መብራቱ በርቷል። ከሩቅ ላየው ሰው ከሌሎቹ አይለይም። ግን አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ቲአር የምትል መብራት በርታለች፣ እዚህ ጠፍታለች። ቲአር ማለት ኮምፒውተሩ «አለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» የሚልበት ሽቦ ነው፣ ዲቲአር። ያ ሽቦ ዝም ካለ ሞደሙ ከወዲያ ኮምፒውተር የለም ብሎ ይወስዳል፣ ስለዚህ ስልክ ሲጠራ አያነሳም። ትክክል ነው፣ እንደዚያ እንዲያደርግ ነው ያዘዝነው። ሰርቨሩ በበኩሉ ፖርቱን ከፍቶ የሞደሙን የካሪየር ምልክት፣ ሲዲ የሚባለውን «ከደዋዩ ጋር ተገናኝቻለሁ» የሚልበትን፣ እየጠበቀ ነው፣ ስክሪኑ ላይ «ዝግጁ» ይላል። ሁለቱም በየበኩላቸው ደህና ናቸው፣ መካከላቸው ተቆርጧል።

ከኋላው ኬብሉን ነካሁት። ተነቃነቀ። ከሁለቱ ብሎኖች አንደኛው ጨርሶ አልተጠበቀም፣ ሌላው በግማሽ ነው። ሶኬቱ በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ተቀምጧል። ነቅዬ በባትሪ አየሁት። ከሃያ አምስቱ ፒኖች ሃያኛዋ ተጣማ ወደ ጎን ተኝታለች። የዲቲአር ፒን እሷ ናት። ከአምስት ሳምንት በፊት መደርደሪያው ሲጸዳ ሞደሞቹ ተነስተው ተመልሰው ነበር። መልሰው ከሰኩት እጆች መካከል የእኔም ነበሩበት።

አንዳንድ ሞደም ከኋላው ዲቲአርን ችላ እንዲል የሚያደርግ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። በዚያች ደቂቃ እሷን ብነካ ኖሮ ሞደሙ ያነሳ ነበር። አልነካኋትም። እንዲህ ያደረጉ ሰዎችን አይቻለሁ፣ ከዚያ ሰርቨሩ ዝጋ ሲለው ሞደሙ አይሰማም፣ ደዋዩ ሄዶ እንኳ መስመሩን ይዞ ይቀመጣል። በቀጭን መቆንጠጫ ፒኗን ቀስ አድርጌ አቀናሁ። እንዳትሰበር ትንፋሼን ይዤ ነበር። መልሼ ሰካሁት፣ ሁለቱንም ብሎኖች አጠበቅኩ። ቲአር በራች።

ከዚያ ማታ በኋላ በየሰኞው አሥራ ስድስቱንም መስመር በየራሳቸው ቁጥር አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ፣ በጋራው ቁጥር ሳይሆን። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የማያነሳ ካገኘሁ ኤች 1 በሚለው ትእዛዝ ስልኩን አስነስቼ እተወዋለሁ፣ ማዞሪያው «ተይዟል» ብሎ እንዲያልፈው።

ሰርቨሩ ላይ ያሉትን አየሁ። ያ ማሽን አንደኛው ላይ፣ ባልደረባዬ ሁለተኛው ላይ። ሴትየዋ ጋ ደወልኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ጥፋቱ የእኛ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ የእኛ ነበር። ሞደምዎም ደህና ነበር።»

ትንሽ ዝም አሉ። «አሁን ልሞክር?» አሉኝ።

«ይሞክሩ። ድምፁን ቢከፍቱት ደስ ይለኛል።»

ሦስተኛው ሞደም ፊት ቆሜ ጠበቅኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። አንዴ ጠራ። አነሳ። እኔ በዚህ በኩል፣ እሳቸው በዚያ በኩል፣ ያንኑ ጩኸት እየሰማን ነበር። ሲዲ የምትለው መብራት ፈዘዝ ብላ ከዚያ ቀጥ ብላ በራች። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሎጉ ላይ የሦስተኛው መስመር ስም ተጻፈ፣ ከጎኑ የእሳቸው ስም፣ ከጎኑ 28800።

እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሳይወጡ ሠሩ።